የሽመናና የካልሲ ሥራ ቦታ አዘገጃጀት

ሰው ያለ ምግብ፣ ያለ ልብስና ያለ መጠለያ መኖር አይችልም። ስለ እርሻ፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ብዙ ይነገረናል። ስለ ቤት አሠራርም እንዲሁ። ስለ ልብስ ግን፣ በተለይም ልብሱ ስለሚሠራበት ቦታ፣ የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው። ሸማኔው ጉድጓዱን የት ይቆፍር? ብርሃን ከየት ይግባለት? ክሩስ የት ይቀመጥ? ካልሲ የሚሠራ የእጅ ማሽን ለመግዛት ያሰበ ሰው ቢኖር ማሽኑን የት ይትከለው? በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው።

ይህን ስንጽፍ በዓይናችን ፊት ያለው አገር አንበሳሜና አካባቢው ነው። አንበሳሜ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ከሐሙሲት ተነሥቶ ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ጉማራን ከተሻገርን ፎገራ ነው። በኮረብታው ላይ አፈሩ ቀላ ይላል። ወደ ጣና ሐይቅ ስንወርድ ደግሞ ጥቁር ይሆናል፤ በክረምትም ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ይህን የአፈር ነገር ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ኋላ እንመለስበታለን።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን የእጅ ባለሙያ የተናቀ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሠራው ሁሉ ስም ይወጣለት ነበር። ሰውየው የሸማኔውን ጋቢ ለብሶ ሸማኔውን ይሰድባል። በበጌምድር ሽመና የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሥራ ነው ይባል ነበር። ነገሩን ብናየው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ርስት የማይሰጠው ሰው ምን ይብላ? በእጁ ሠርቶ ይበላል እንጂ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር። አዋጁ ቢወጣም ስድቡ ቶሎ አልቆመም።

የተናቀ ሥራ ደግሞ ቦታም አይሰጠውም። ለበሬው ጋጣ ቦታ የሚመርጥ ሰው፣ ለእህሉ ጎተራ ከፍ ያለ መሬት የሚፈልግ ሰው፣ የሽመናውን ጉድጓድ ከበረት ጎን ወይም ከቤቱ ጨለማ ማዕዘን ይቆፍረዋል። «ሽመና አይደል? የትም ይሠራል» ይላል። የትም አይሠራም። እኛ ይህን የተማርነው ከስሕተታችን ነው።

አንድ ዓመት ጉድጓዳችንን ከምድጃው አጠገብ ቆፈርነው። ሌሊት እሳቱ ይሞቀናል፤ ብርሃንም እናገኛለን ብለን ነበር። ለጥምቀት የሚሸጥ ጋቢ በታኅሣሥ ሠርተን ገበያ አወጣን። ነጋዴው ገለጥ አድርጎ አየው፤ ቀጥሎም አሸተተው። «ወንድሞቼ፣ እጃችሁ ጥሩ ነው። ጋቢው ግን ጭስ ጭስ ይላል። ይኸውላችሁ፣ ጥላሸትም አለበት» አለን። ግማሽ ዋጋም ሰጠን። እምቢ ብለን ወደ ቤት መለስነው። በሳሙና አጠብነው። ጥላሸቱ በድርና በማጉ መካከል ገብቶ ስለነበር አልለቀቀም። በመጨረሻ በዚያው በግማሽ ዋጋ ሸጥነው። የእኛ የአንድ ወር ድካም ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የቤቱ እመቤት ከመስከረም ጀምራ የፈተለችው ጥጥ ነው አብሮ የተሸጠው።

በዓመቱ ከምድጃው ራቅን። አሁን ደግሞ ከግቢው ዝቅ ባለው በኩል ቆፈርን፤ አፈሩ ለስላሳ ስለነበር መቆፈሩ አላደከመንም። በጋውን ደኅና ሠራንበት። ሐምሌ ሲገባ ውሃ ከታች መነጨ። አንድ ቀን ጠዋት ብንሄድ መርገጫው ተንሳፎ አገኘነው። ጎረቤቶቻችን «ሸማኔው ዓሣ ማጥመድ ጀመረ እንዴ?» እያሉ ሳቁብን። ድሩ ሻግቶ ተጣለ።

ጉድጓድ የሚቆፈርበት መሬት

እንግዲህ መጀመሪያ መሬቱን እንይ። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ይነፋል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በጥቁር አፈር የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው ይናዳል። ቀይ አፈር ግን ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል፤ ግድግዳውም ይቆማል። ቦታው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ በክረምት አንድ ክንድ ተኩል የሚያህል ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ። ከላይ ዝናብ እንዳይገባበት ክደኑት። በማግሥቱ ክፈቱና እዩት። ውሃ ከቋጠረ ያ ቦታ ለሽመና አይሆንም። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እኛ ግን ሳናደርገው ቀርተን ድራችንን አጣን።

ቦታው ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ጉድጓዱን ቆፍሮ ግድግዳውን በድንጋይ መደርደር ወይም ጭድ በገባበት ጭቃ መምረግ ይበጃል። አፉን አንድ ስንዝር ያህል ከወለሉ ከፍ አድርጉት። እንዲህ ከሆነ በቤቱ ውስጥ የፈሰሰ ውሃ አይገባበትም። ጫጩትም አትወድቅበትም። ከቤቱ ውጭ ዙሪያውን ቦይ መቅደድ አትርሱ።

ከወረታ በታች እንዳለው ሜዳ ውሃ በሚተኛበት አገር ያለ ሰውስ ምን ያድርግ? እርሱ ባይቆፍር ይሻለዋል። ከወለል በላይ የሚቆም ባለ እግር የሽመና ዕቃ አለ። ስለ እርሱ ወደ ኋላ እንናገራለን።

የጉድጓዱን ልክ ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም። የሠራተኛው አካል ራሱ መለኪያ ነው። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ላይ ሲቀመጥ ጭኑ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል መተኛት አለበት። መርገጫውን እስከ መጨረሻው ሲጫን ደግሞ ከመርገጫው በታች አንድ ጋት ያህል ክፍት ይቅር። ስለዚህ ጥልቀቱ ከውስጥ እግር እስከ ጉልበት ያለው ርዝመትና ተጨማሪ አንድ ጋት ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ሸማኔው መርገጫውን ለመድረስ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ወገቡ ይጎብጣል። ጥልቀት ካነሰው ጉልበቱ ወደ ላይ ይወጣና ድሩን ይነካል። ለረጅም አባት የተቆፈረ ጉድጓድ ለአጭር ልጅ አይስማማም። ልጁ ከአባቱ ጉድጓድ ሲሠራ መርገጫውን ከፍ አድርጎ ማሰር ይችላል፤ ይህ ችግር በገመድ የሚፈታ ነው።

መቀመጫው ባዶ መሬት አይሁን። መሬት ቀዝቃዛ ነው፤ እርጥበትም አለው። የታጠፈ ቁርበት ወይም በጭድ የተሞላ ጆንያ ይነጠፍ። የሸማኔ ወገብ የሚጎዳው በአንድ ቀን አይደለም። ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው ሰውየው ከጉድጓዱ ሲነሣ እጁን ወገቡ ላይ የሚያደርገው። ያን ጊዜ «ዕርጅና ነው» ይላል። ዕርጅና ሳይሆን መቀመጫው ነው። አንድ ቀሰም ማግ ባለቀ ቁጥር ቀና ማለት፣ ከጥቂት ቀሰሞች በኋላም ተነሥቶ መንጠራራት ይረዳል።

ከሸማኔው ፊት ለፊት ድሩ የሚወጠርበት ቦታ ያስፈልጋል። እኛ 8 ክንድ ያህል እንተዋለን። የቀረው ድር ተጠቅልሎ ከችካሉ ላይ ይታሰራል፤ ሥራው በገፋ ቁጥር ይለቀቃል። በዚህ ቦታ ላይ ሰው መተላለፍ የለበትም። ልጆች በድሩ ሥር እየሾለኩ የሚጫወቱበት ቤት ውስጥ የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ መዋል ነው። ቋሚዎቹን እንጨቶች ምስጥ እንዳይበላቸው ከድንጋይ ላይ አቁሙ።

ስለ ብርሃን፣ ስለ ጭስና ስለ ክር

ሸማኔ ብርሃን ከሌለው ዕውር ነው። አንድ የድር ክር ቢበጠስና ሸማኔው ሳያየው አንድ ክንድ ቢሠራ፣ ያ ስንጥቅ ከጋቢው ላይ ለዘላለም ይኖራል። ብርሃኑ ከጀርባ ከመጣ የራሳችን ጥላ ድሩ ላይ ይወድቃል። ከፊት ከመጣ ዓይናችንን ይወጋል። ስለዚህ ከጎን ይምጣ። በጭቃ ቤት ይህ አስቸጋሪ አይደለም፤ በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለውን ምርጊት አንሥቶ መስኮት ማድረግ ይቻላል።

መስኮቱ በሰሜን በኩል ቢሆን ደግ ነው። በእኛ አገር ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ አጋድላ ነው የምትሄደው። በሰሜን በኩል ያለ መስኮት ስለዚህ ብርሃን ያስገባል እንጂ ፀሐይ አያስገባም። ሽመና የሚበዛውም በዚሁ ወራት ነው፤ አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ። ሌላም ዘዴ አለ። ነጭ ክር በነጣ ወለል ላይ ጎልቶ አይታይም። ከድሩ ሥር ጥቁር ጨርቅ ብታነጥፉ የተበጠሰው ክር ወዲያው ይታያል።

ማታ መሥራት ግድ ከሆነ ኩራዝ አይሁን። የኩራዝ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ሸማውንም ያጠቁራል። ዛሬ በብዙ ቤት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ገብቷል፤ እርሱ ጭስ የለውም። ስለ ምድጃው ደግሞ ደግመን መናገር አያስፈልገንም። ያን ጋቢ አስታውሱ።

የጥጥ ብናኝም እንደ ጭስ ነው። ጥጥ ሲዳመጥና በደጋን ሲነደፍ ብናኙ ይነሣል። በየቀኑ ወደ ሳምባ ሲገባ ደረት ያጣብቃል፤ ሳል ያመጣል። ይህ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የታወቀ ሕመም ነው። በቤት ውስጥ የምትነድፈዋ እናት ሳንባ ከፋብሪካ ሠራተኛው ሳንባ አይለይም። ስለዚህ የመንደፊያው ቦታ ከቤት ውጭ ይሁን፤ ከነፋስ በተከለለ በረንዳ ላይ ቢሆን ይመቻል። አፍንጫንና አፍን በጨርቅ መሸፈን ይገባል። ሕፃን አዝሎ መንደፍ ግን ጨርሶ አይገባም።

ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ለድር የፋብሪካ ክር ይገዛል። ለማግ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ይጠቀማል። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1950ዎቹ ነው። ጥጡ ከመተማና ከቋራ ቆላ ይመጣል። እንግዲህ ክር በብር የሚገዛ ነገር ነው። ብር በወለል ላይ አይጣልም፤ ክርም እንዲሁ ነው። ልቃቂቱ ክዳን ባለው እንቅብ ውስጥ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። አይጥ ለጎጆዋ የምትመርጠው ጥጥ ነው፤ ያውም የተፈተለውን።

ማግ የተጠቀለለባቸው ቀሰሞች ግን በሩቅ አይቀመጡ። ከሸማኔው ቀኝ እጅ አጠገብ በትንሽ ሌማት ይሁኑ። ምላጩም እዚያው ይሁን። እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ ሸማኔ ቀሰም ለማምጣት በቀን 20 ጊዜ ቢነሣና አንዱ መነሣት 3 ደቂቃ ቢወስድበት፣ 20 ጊዜ 3 ማለት 60 ደቂቃ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ሄደ። በወር 24 ቀን ቢሠራ 24 ሰዓት ሄደ። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው ከሆነ በወር ሦስት ቀን ሙሉ ሲነሣና ሲቀመጥ አጠፋ ማለት ነው። ለወገቡ ብሎ መነሣት ሌላ ነገር ነው። ቀሰም ፍለጋ መነሣት ግን የቦታ አዘገጃጀት ጉድለት ነው።

ባለ እግሩ የሽመና ዕቃና የአውራ አምባ ሰዎች

በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል፣ አውራ አምባ የሚባል መንደር አለ። ማኅበረሰቡ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት ተመሠረተ። በደርግ ዘመን መጨረሻ አባላቱ ቀያቸውን ጥለው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደው ነበር። ኋላ ሲመለሱ ያገኙት መሬት ጥቂት ነው። በዚያ መሬት አርሰው ብቻ መኖር ስላልቻሉ ሽመናን ዋና ሥራቸው አደረጉት።

ከእነርሱ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሽመናውን ከቤት ማዕዘን አውጥተው የራሱ ቤት ሰጥተውታል። ዕቃዎቹ በአንድ ሰፊ ቤት ውስጥ ተሰልፈው ይቆማሉ። ሁለተኛው፣ በዚያ ቤት ሴትም ትሸምናለች፤ ወንድም ይፈትላል። በሌላው አገራችን ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው ተብሎ ተከፍሏል። ማን ከፈለው? እጅ ወንድና ሴት የለውም። ባለ እግሩ ዕቃ ለሴትም ይመቻል፤ እንደ ወንበር ቁጭ ተብሎ ይሠራበታልና።

ባለ እግሩ ዕቃ አራት ጠንካራ እግሮች ያሉት የእንጨት አልጋ መሳይ ነው። በአንዳንዱ ላይ መወርወሪያው በገመድ እየተሳበ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ይህን ዘዴ ያገኘው ጆን ኬይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1733 ነበር። በእጅ ሲወረወር የጨርቁ ወርድ ከሰው ክንድ ርዝመት አይበልጥም። የእኛ ሸማ ጠባብ ሆኖ ተሠርቶ ኋላ ጎን ለጎን የሚሰፋው ለዚህ ነው። በገመድ ሲሳብ ግን ሰፊ ጨርቅ መሥራት ይቻላል፤ ሥራውም ይፈጥናል።

ለዚህ ዕቃ የሚያስፈልገው ደልዳላ ወለል ነው። አንዱ እግር ዝቅ ካለ ዕቃው ይጣመማል፤ ጨርቁም ተጣምሞ ይወጣል። ከአራቱም እግሮች ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቅበር። ልኩን ለማየት ሳህን ውሃ ሞልቶ ላዩ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ዕቃው 4 ክንድ ርዝመትና 3 ክንድ ወርድ ያህል ይይዛል። ዙሪያውን ሰው የሚዞርበት 2 ክንድ ይተው። በብዙው ጎጆ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ ዳስ ቢሠራ ይቀላል።

አንበሳሜ ተቀምጠን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት አንበሳውን ማስቀየም እንዳይሆን እንጂ፣ ተረቱ ለሸማኔ የተተረተ ይመስላል። ሆኖም የጋራ ቤት ጠብም ያመጣል። ማን ይጠርጋል? ቁልፉስ ከማን እጅ ይሆናል? የጠፋውን መወርወሪያ ማን ይተካል? ይህን ቤቱን ከመሥራታችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ ጻፉትም። ተጽፎ የተቀመጠ ነገር «አላልኩም» አያሰኝም።

ካልሲ የሚሠራው የእጅ ማሽን

አሁን ወደ ካልሲው እንሂድ። ካልሲ እንደ ሸማ አይሸመንም። ሸማ ድርና ማግ አለው። የካልሲ ክር ግን አንድ ብቻ ነው። ያ አንድ ክር በመርፌ እየታጠፈ ቀለበት ይሆናል፤ ቀለበቱም በሌላ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ካልሲ ሲስቡት የሚለጠጠው ለዚህ ነው። አንዲት ቀለበት ካመለጠች ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሚተረተረው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት መኪና የሠራው ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1589። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በእጅ የሚዞር ትንሽ ክብ ማሽን ወጣ፤ በየቤቱም ገባ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምሽግ ውሃ ውስጥ የቆሙ ወታደሮች እግራቸው ይበሰብስ ነበር። ብዙ እናቶች በየቤታቸው እነዚህን ማሽኖች እያዞሩ ካልሲ ላኩላቸው።

የእግር ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። የፎገራ ገበሬ በሩዝ ማሳው ጭቃ ውስጥ ይውላል። በቀይ አፈር አገር በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ደግሞ ዝሆኔ ያገኘዋል። ይህ ሕመም እርግማን አይደለም፤ በዘር ላይ የወረደ ቁጣም አይደለም። በቀይ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ብናኝ ለብዙ ዓመት በእግር ቆዳ እየገባ የሚያመጣው እብጠት ነው። በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል። ካልሲ ያለ ጫማ ብቻውን አይከላከልም። ካልሲ ጫማውን ያስችላል፤ ቆዳ እንዳይላጥ ያደርጋል።

ማሽኑ እንደ ጣሳ ክብ ነው። በዙሪያው መንጠቆ ያላቸው መርፌዎች ቆመዋል። እጀታው ሲዞር መርፌዎቹ በተራ ከፍ ዝቅ እያሉ ክሩን ይስባሉ። የተሠራው ካልሲ እንደ ቧንቧ ሆኖ ከታች ይወርዳል። እንዲወርድም ክብደት ይንጠለጠልበታል። ተረከዙ የሚሠራው እጀታውን ወዲያና ወዲህ በማመላለስ ነው። የጣቱ በኩል ክፍት ሆኖ ይወጣና በመርፌ ይሰፋል።

ሸማኔው ከጉድጓዱ የተማረው ሁሉ እዚህም ይሠራል፤ ብርሃን ከጎን፣ ጭስ ከሩቅ፣ ክር ከቅርብ። አዲሱ ነገር ጠረጴዛው ነው። ማሽኑ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በብሎን ይጠበቃል። ጠረጴዛው ከተወዛወዘ መርፌው ክሩን ይስታል፤ ቀለበቱም ያመልጣል። ስለዚህ ጠረጴዛው ከባድ ይሁን። ቀላል ከሆነ እግሮቹን በመስቀለኛ እንጨት አያይዙ፤ ወይም ከሥሩ ባለው መደርደሪያ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ድንጋዩ ግን ከማሽኑ በታች አይሁን። ከማሽኑ ሥር እስከ ወለሉ ባዶ ሆኖ ክብደቱ እንደ ልቡ ይንጠልጠል። ክብደቱ ወለል ከነካ ካልሲው ይላላል። ቁመቱን ለመለካት ሠራተኛዋ ተቀምጣ ክንዷን ትጠፍ። የእጀታው መሐል ከክርኗ ጋር እኩል ከሆነ ትከሻዋ አይደክምም።

ክሩ ከወለል ተነሥቶ ከማሽኑ በላይ ባለ ዘንግ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ መርፌዎቹ ይወርዳል። በመንገዱ ምንም ነገር ሊይዘው አይገባም። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። እናቶቻችን በእንዝርት የሚፈትሉት ማግ ለዚህ ማሽን አይስማማም። አንዱ ቦታ ይወፍራል፤ አንዱ ቦታ ይቀጥናል። ወፍራሙ መርፌ ይሰብራል፤ ቀጭኑ ይበጠሳል። ማሽኑ እኩል የሆነ የተገመደ ክር ይፈልጋል፤ ያም ከገበያ ይገዛል። ስለዚህ ማሽን ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ክሩ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ የሚሰበረው መርፌ ምትክ መኖሩን ይጠይቅ። እነዚህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ብረት ገዝቶ ከግድግዳ ሥር አስቀመጠ ማለት ነው። ማሽን ስላየን ብቻ አንጓጓ። የእኛ ምክር ግልጽ ነው፤ በእጁ ሽመና ያለው ሰው መጀመሪያ የሽመናውን ቦታ ያስተካክል።

ማሽኑን ለማለስለስ የኑግ ዘይት አትጠቀሙ። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃል። ሥራ ሲያልቅ ማሽኑ በጨርቅ ይሸፈን። ሕፃናት ከእጀታው ይራቁ፤ መርፌው ጣት አይለይም።

ደብተሩ

የቀረ አንድ ዕቃ አለ። ከግድግዳው ላይ ምስማር ይመታ፤ ደብተርና እርሳስ በገመድ ይንጠልጠልበት። ያ ነጋዴ ግማሽ ዋጋ ሲሰጠን መልስ ያጣነው ስለ ጥላሸቱ ብቻ አይደለም። ጋቢው ስንት እንደፈጀብን ራሳችን አናውቅም ነበር። ጥጡን በስንት ገዛነው? ድሩን በስንት? ስንት ቀን ተሠራ? በአፍ የያዝነው ሒሳብ ገበያ ላይ ይጠፋል።

በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የተገዛው ክርና ዋጋው፣ የተሸመነው ክንድ፣ የተሸጠው ጨርቅና የተገኘው ገንዘብ ይጻፍ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የፈታይዋን ቀን አይጽፍም። «እርሷማ ቤት ውስጥ ናት» ይላል። አንዲት እናት እንጀራ ጋግራ፣ ውሃ ቀድታ፣ ማታ እንዝርት ታሾራለች። የጋቢው ግማሽ የእርሷ ነው። እኛም ሁለት ዓመት ደብተር ስንይዝ ይህን አልጻፍንም ነበር። ስንጽፈው ከአንዱ ጋቢ ላይ የእርሷ ቀን ከሸማኔው ቀን በልጦ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ስንጠይቅ ሁለቱንም ደምረን ነው፤ ነጋዴው ሲከራከርም ደብተሩን እንከፍትለታለን።

ገጹ እንዲህ ተብሎ ይጀመራል፦

ኅዳር 5 ቀን። ጥጥ ተገዛ። ዋጋው ይህን ያህል ብር።
ከኅዳር 6 እስከ ታኅሣሥ 2። ፈትል። የፈታይዋ ስም፣ የሠራችበት ቀን ብዛት።
ታኅሣሥ 3 ቀን። ድር ተወጠረ። የሸማኔው ስም።
ታኅሣሥ 4 ቀን። 3 ክንድ ተሸመነ። አንድ ክር ተበጥሶ ተቀጠለ።